የጨረቃው ቤትና የበርበሬው መጋዘን

ባለፈው ዓመት ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ከደምበጫ ወደ ፍኖተ ሰላም የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጅጋ ላይ ጎማው ፈነዳ። ሾፌሩ ጎማ እስኪቀይር ተሳፋሪው ከዝናቡ ሸሽቶ በየሱቁ በረንዳ ተጠለለ። እኔም አንድ አግዳሚ ላይ ከሁለት ሰዎች አጠገብ ተቀመጥኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰው ጨዋታ ማዳመጥ እወዳለሁ። የዚያን ቀኑን ክርክር ግን ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩምና ለአንባቢ ልተርከው ወደድኩ።

አንደኛው ሰው መሪጌታ ገብረሰንበት ነበሩ፤ ከቡሬ አለፍ ብሎ ካለ ደብር ቅኔ የሚያስተምሩ፣ ንግግራቸው ረጋ ያለ ሽማግሌ። ሁለተኛዋ ሁስና የምትባል ወጣት መሐንዲስ ናት። አባቷ ሐጂ ኢስሃቅ የታወቁ የቡሬ በርበሬ ነጋዴ ሲሆኑ ከመሪጌታ ጋር የልጅነት ወዳጆች ናቸው። ጉልበቷ ላይ ትልቅ ካርቶን አቅፋለች።

«ልጄ፣ እዚህ መገናኘታችን ደግ ሆነ» አሉ መሪጌታ። «አባትሽ ባለፈው ገበያ አግኝቶኝ ምከሩልኝ ብሎኛል። "ልጄ ለጨረቃ ቤት መሥሪያ መጋዘኑን ልቀቅልኝ ትላለች፤ እርስዎ የሚሉትን እሰማለሁ" ነው ያለኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ መሪጌታ። አባቴ ከእርስዎ ቃል ስለማይወጣ የእኔም ነገር በእርስዎ እጅ ነው። እኔና ሦስት ጓደኞቼ ጨረቃ ላይ ለሚኖሩ ሰዎች የነደፍነው ቤት በዓለም አቀፍ ውድድር ተመርጧል። አሁን የቀረው ሠርተን፣ ገብተን፣ በሩን ዘግተን ኖረንበት ማሳየት ነው። ለዚያ የሚበቃ ጣሪያ ያለው ቦታ የአባቴ መጋዘን ብቻ ነው። በመስከረም ካልጀመርን ዕድሉ ለሌላ አገር ቡድን ይተላለፋል።»

ካርቶኑን ከፈተችው። ውስጡ የተደፋ ድስት የመሰለ፣ ከሸክላ የተሠራ ትንሽ ቤት ነበር። መሪጌታ ጎንበስ ብለው አዩትና ቀና አሉ።

«ሥራሽ ያምራል። ግን ልጠይቅሽ። የዚህ አገር ሰው ጣሪያው እያፈሰሰበት አንቺ ማንም ለማይኖርበት ቦታ ቤት ትሠሪያለሽ? ደግሞስ ምድርን ለእኛ ከሰጠን ሰማዩን ለባለቤቱ መተው አይሻልም?»

ሁስና በትሕትና አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ «በሁለተኛው ልጀምር» አለች። «ጨረቃ ዙፋን አይደለችም፤ እንደ ተራራውና እንደ ወንዙ ፍጡር ናት። እርስዎ ፋሲካን የሚያወጡት የእሷን ቀን ቆጥረው ነው። እኛም ረመዳንን የምንይዘው እሷን አይተን ነው። ስንቆጥራት ኃጢአት ካልሆነ፣ ስናውቃት ኃጢአት የሚሆን አይመስለኝም።»

መሪጌታ ፈገግ አሉ፤ ፈገግታቸው ግን የመሸነፍ አልነበረም። «እሺ፣ ይህን ልቀበልሽ። የመጀመሪያውንስ?»

«እዚህ ጣሪያ ሲያፈስ ዕቃ እንደቅናለን። እዚያ ቤት ካፈሰሰ የሚወጣው አየሩ ነው፤ ሰውየው ለርዳታ ሳይጣራ ያልቃል። ቀኑ ያቃጥላል፣ ሌሊቱ በብርድ ያደርቃል፣ አቧራው እንደ ተፈጨ መስታወት ሳንባ ይቆርጣል። ስለዚህ ግድግዳውን እዚያው በሚገኝ አፈር ወፍራም አድርገን እንለብጠዋለን፤ በሩን ድርብ እናደርገዋለን፤ የታጠብንበትን ውኃ፣ የተነፈስነውን እርጥበት ሳይቀር አጣርተን መልሰን እንጠጣለን። መሪጌታ፣ እንዲህ ባለ ቦታ ሰውን በጤና ማኖር የተማረ ሰው፣ ቡሬ ላይ የማያፈስ ቤት መሥራት ያቅተዋል?»

እኔ በበኩሌ ይህን መልስ ወድጄዋለሁ። የተማረ ሰው የሩቁን ሲያይ የቅርቡን ይረሳል ብለን የምንፈርድ ብዙዎች ነን፤ ሩቁን የሚያየው የቅርቡን አጥርቶ ለማየት ሊሆን እንደሚችል ግን አናስብም። መሪጌታ ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አልነበሩም።

«ንግግርሽ ጥሩ ነው፤ ንግግር ግን እኔም አስተምራለሁ» አሉ። «ለአባትሽ የምነግረው ያየሁትን ነው። የሚታይ ነገር አለሽ?»

«ፍኖተ ሰላም የተከራየነው ግቢ ውስጥ ለሙከራ የሠራናት አንዲት ክፍል አለች። ስንደርስ ይዩልኝ። እርስዎም ይምጡ» ብላ ወደ እኔ ዞረች።

ጎማው ተቀይሮ ከሰዓት በኋላ ፍኖተ ሰላም ገባን። ክፍሏ አፈር በተሞሉ ጆንያዎች የተገነባች ክብ ጎጆ ነበረች። የመጀመሪያውን በር አልፈን፣ እሱ ከኋላችን ተዘግቶ፣ ሁለተኛው ተከፈተልን። ውስጡ ደረቅና ቀዝቃዛ ነው። በአንድ ወገን ሰላጣና ድንች በመደርደሪያ ላይ በመብራት ይበቅላሉ። የቡድኑ ነርስ እንቁ ተቀብላን አስቀመጠችን።

መሪጌታ ዙሪያውን ቃኝተው፣ «አራት ሰው እዚህ ሲኮራረፍ የት ይሄዳል?» አሉ። «የእኔ ተማሪዎች ሲጣሉ አንዱ ወንዝ ይወርዳል፤ ሌላው ዛፍ ሥር ይቀመጣል። ከዚህ ግን መውጫ የለም።»

ሁስናና እንቁ ተያዩ። «እሱን ስንከራከርበት ነው የሰነበትነው» አለች እንቁ። «በትልቁ ቤት ውስጥ ለብቻ መቀመጫ የምትሆን ጥግ እንጨምር እያልኩ ነው።»

«ጨምሩ፤ ከምግብ ባልተናነሰ ያስፈልጋችኋል።»

ሽማግሌው ሳያውቁት ቤቱን አብረው መንደፍ መጀመራቸው ነው ብዬ በልቤ ሳቅሁ።

ከዚያ ሁስና ግድግዳው ላይ የተሰቀለች ትንሽ ሣጥን አሳየችን። «የቤታችን ዋና ዘበኛ ይህች ናት» አለች። እንቁ ከውጭ ደህና አድርጎ የቀላ፣ ጭሱ ያለቀ ከሰል በምድጃ ይዛ ገባች። አንዳችም ሽታ አልሸተተኝም። ጥቂት ቆይቶ ግን ሣጥኗ ቀይ መብራት አብርታ መጮህ ጀመረች። እንቁ ወዲያው ምድጃውን አወጣች፤ ሁስናም ሁለቱንም በሮች ወለል አድርጋ ከፍታ እኛን ወደ ደጅ አስወጣችን።

«ጭስ የለውም፤ ምን አስጮሃት?» አሉ መሪጌታ።

«ከሰል ሲነድ የማይታይ፣ የማይሸት መርዝ ያወጣል። በተዘጋ ቤት ሰውየው እንቅልፍ ይመስለዋል፤ ራሱን ያመዋል፣ ይደክመዋል፣ በዚያው ይቀራል። ጨረቃ ላይ መስኮት መክፈት ስለማይቻል አየር ሲበላሽ ቀድሞ የሚናገር ነገር መሥራት ግድ ሆነብን።»

መሪጌታ ደጅ ካለው አጭር የግቢ ግንብ ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ሁለት ተማሪዎች ነበሩኝ» አሉ በመጨረሻ። «ዘሚካኤልና አድማሴ። ክረምቱ ሲበረታ ከጎጇቸው ከሰል አስገብተው ተኙ። ጠዋት ከትምህርት ሲቀሩ ሄጄ አየሁ። ቁስል የላቸው፣ ሕመም የላቸው፤ እንደተኙ ናቸው። ሰዉ ክፉ መንፈስ ነው አለ፤ ጎጆዋን አቃጠሉ፤ ቦታውን እስከ ዛሬ የሚረግጠው የለም። እናቶቻቸውም ልጆቻችንን ምን ነካቸው ብለው ሲጠይቁኝ የምመልሰው አልነበረኝም።»

ሁስና ከእግራቸው ሥር ቁጢጥ አለች። «መሪጌታ፣ መንፈስ አልነበረም። ከሰሉ ነው።»

«አሁንማ አየሁት» አሉ። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ተነሡ። «ተነሺ ልጄ። አባትሽ ዘንድ አብረን እንሂድ።»

እኔም መጨረሻውን ለማየት ተከተልኳቸውና የዚያኑ ዕለት ቡሬ ገባን። ሐጂ ኢስሃቅ ከመጋዘኑ ደጅ ቆመው አገኘናቸው።

«መከሩልኝ?» አሉ ሐጂ።

«መከርኳት፤ እሷም መከረችኝ። መጋዘኑን ልቀቅላት።»

«መሪጌታ! አዝመራው ሲደርስ በርበሬዬን የት ላስገባ?»

«አዝመራው የሚደርሰው በኅዳር ነው፤ እስከዚያ ባዶውን ነው የሚቀመጠው። ይህች ልጅ የምትሠራው የጨረቃ ቤት ብቻ አይደለም፤ የሰው ትንፋሽ እንዳይቆም ነው የምትደክመው። አንተ ልጅህን አስተምረሃል፤ የተማረችውን እንዳትሠራ አትከልክላት።»

ሐጂ ልጃቸውን አዩ፤ ወዳጃቸውን አዩ። ከዚያ ከኪሳቸው ቁልፉን አውጥተው ለሁስና ሰጧት። «በርበሬዬ ሳይደርስ ከጨረቃ ተመለሺ» አሏት።

መስቀል እንዳለፈ አራቱ ወጣቶች በመጋዘኑ ውስጥ ወደ ሠሩት ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። የበቀለላቸውን በሉ፤ ያጣሩትን ጠጡ። አንድ ጊዜ ፓምፕ ተበላሽቶባቸው ሁለቱ ክፉኛ ተጋጩ፤ ለብቻ መቀመጫዋ ጥግ ያን ጊዜ ጠቀመቻቸው። በኅዳር መጀመሪያ በጤና ሲወጡ ሐጂ ኢስሃቅ ልጃቸውን ግንባሯን ስመው አለቀሱ። ውድድሩን የሚመሩት ባለሙያዎችም ንድፉን ተቀብለው ቡድኑን ለቀጣዩ ሥራ ጠሩት።

አንባቢ ሆይ፣ ጥቅሙን ልንገርህ። ወጣቶቹ ግድግዳውን እንደ ጨረቃው ቤት ስለለበጡት ያ መጋዘን ዛሬ እርጥበት አያስገባም፤ ስለዚህ የሐጂ በርበሬ አይሻግትም። የቡሬ ሴቶች ከእነሁስና ተምረው እቃ ያጠቡበትን ውኃ በአሸዋና በከሰል አጣርተው ጓሯቸውን ያጠጡበታል። በመሪጌታ ደብር ያሉ የተማሪ ጎጆዎች ሁሉ ከላይም ከታችም የአየር ማስተላለፊያ ወጥቶላቸዋል፤ ከሰል ይዞ መተኛትም ቀርቷል። ማንም ገና ባልኖረበት ቦታ ላይ ማሰብ እዚህ ስንቱን ነፍስ እንደሚያድን ከዚህ በላይ ማስረጃ አልሻም።

በጥር ወር መሪጌታ ሁስናን ወደ ደብራቸው ጠሯት። ከቅጽሩ ውጭ ካለው ወይራ ሥር ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው፣ «ዛሬ መምህራችሁ ይህች እኅታችሁ ናት» አሉና ራሳቸው ከተማሪዎቹ መካከል መሬት ላይ ተቀመጡ።

ሁስና ጥቂት አፈረች። ከዚያ፣ «ሁላችሁም ትንፋሻችሁን ያዙ» አለች።

ሁሉም ያዙ። አንድ በአንድ እየሳቁ ለቀቁ። መሪጌታ ግን ጉንጫቸውን ነፍተው፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው፣ ትንፋሻቸውን እንደያዙ ከሁሉም ኋላ ቀሩ።