የውሻ ድርሻ

ቢቸና ላይ ሥጋ ቤት አለኝ። የማርደው ሣርና ጭድ በልቶ ያደገ የገበሬ በሬ ብቻ ነው። አንድ ቅዳሜ፣ ከዚህ በሬ የሚጣል የለም ብዬ ልቡንና ኩላሊቱን ከሽንጡ ጎን ሰቀልኳቸው። የሰፈራችን ሽማግሌ አያ ደምሴ አይተው፣ «ደግሞ የውሻ ድርሻ መሸጥ ጀመርክ?» አሉኝ። «አያ፣ ደም የሚያጠነክረው አይረኑም ቫይታሚኑም ያለው እዚህ ነው። ካላመኑኝ ደጄ ላይ የተኙትን ውሾች ይዩ» አልኳቸው። ጠጉራቸው ቅቤ የተቀባ ይመስል ያብረቀርቃል። አያ ደምሴ ትክ ብለው አዩዋቸውና ሄዱ።

በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። «ግማሽ ኪሎ ልብ ስጠኝ፤ ለውሻዬ ነው» አሉ። ውሻ እንደሌላቸው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እኔም ኮስተር ብዬ መዘንኩላቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉና፣ «ሚጥሚጣስ የለህም?» አሉኝ።