ሀሲና ድናለች ወይ?

ከብቸና ወደ ሞጣ የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ ስንጠብቅ ሐጂ ሙሂዲን ከጎኔ ተቀመጡ። በሞጣ ገበያ ጨርቅ የሚሸጡ፣ የተከበሩ፣ ግን አንድ ነገር ከያዙ የማይለቁ ሰው ናቸው። ከፊታችን የተቀመጠችው ብሩክታይት የቄስ ልጅ ናት፤ ብቸና ውስጥ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ሆና ትሠራለች። ሐጂ ሥራዋን እንደሰሙ ጨዋታ ጀመሩ።

«ልጄ፣ የእናንተ ሕክምና ማለቂያ የለውም እንዴ? ልጃችን ኡበይዳ ወደ አኼራ ከሄደ ወዲህ ባለቤቴ ሀሲና ሞጣ ላይ ከባለሙያ ጋር እየተነጋገረች ለሐዘኗ ሕክምና ትከታተላለች። አሁን ግን ድናለች፤ ይበቃታል ብያለሁ።»

«እግዜር ያጥናዎት፣ ሐጂ። መዳናቸውን በምን አወቁ?»

«በየጠዋቱ እጠይቃታለኋ! ‹አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ› ትለኛለች። እንቅልፏም ተመልሷል። የሕመሟን መጠን በሚለካው መጠይቅም ነጥቧ ቀንሷል ብለውኛል ሐኪሞቿ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?»

እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ ከሐጂ ጋር ነበርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ማርክ ስሰጥ የኖርኩ መምህር ነኝና ቁጥር ቶሎ ያሳምነኛል።

«እንቅልፋቸው መመለሱ ትልቅ ነገር ነው» አለች ብሩክታይት። «የነጥቡም መቀነስ ደግ ነው። ግን ትንሽ መቀነስ በአንድ ጥሩ ሳምንትም ይመጣል። ደግሞስ እኛ አገር ደህና ነኝ የማይል ማን አለ? እኔም ታምሜ ተኝቼ ‹እግዚአብሔር ይመስገን› ነው የምለው።»

«ታዲያ በምን ይለካ?»

«በኑሯቸው። ሕክምናውን ሲጀምሩ ‹ስድን ይህን አደርጋለሁ› ያሉት ነገር ይኖራል። ያን ማድረግ ችለዋል? ለመሆኑ ሱቅ ይመጣሉ?»

«አትመጣም። አትድከሚ ያልኳት እኔ ነኝ።»

«ጎረቤትስ ይሄዳሉ? ለቅሶ ቤትስ?»

«እሱም ቀርቷል» አሉ ሐጂ።

«እንግዲህ ‹ደህና ነሽ ወይ› አይበሏቸው። ምን ማድረግ ፈልገው እንዳቃታቸው ይጠይቋቸው።»

ሐጂ ግትር ይሁኑ እንጂ ፈሪ አይደሉም፤ እዚያው ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። ጆሯቸው ስለደከመ የስልካቸው ድምፅ ለእኛም ይሰማል።

«ሀሲና፣ ማድረግ ፈልገሽ ያቃተሽ ነገር አለ?»

«የኡበይዳን ክፍል መክፈት» አለች። «እጄን በሩ ላይ አድርጌ እመለሳለሁ። አንተስ? ከፍተኸው ታውቃለህ?»

«ሕክምናሽን አታቋርጪ፤ ተሳስቻለሁ» ብለው ስልኩን ዘጉት። ጥያቄዋን ግን አልመለሱላትም።

የታመመ ሰው መዳኑ የሚታወቀው የናፈቀው ኑሮ ሲመለስለት መሆኑን እኔም በዚያ ቀን ተማርኩ። እንዲህ ከተለካ ሐኪሙ ሕክምናውን መቼ እንደሚቀጥል፣ መቼ እንደሚለውጥ ያውቃል፤ ቤተሰብም ያልዳነውን ሰው ድኗል ብሎ ከመንገድ አያስቀረውም።

መኪናው ተነሣ። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ ሐጂ ወደ ብሩክታይት ጠጋ አሉ።

«ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ባልንም ታክማላችሁ?»