የተለዋወጡት ተራ

የልብስ እጥበት ቤቱ ካቦ ዝናቡ እስኪያባራ ከመድኃኒት ቤት በረንዳ ሥር እንደተጠለሉ፣ የሟች ወንድማቸው ልጅ፣ የሕግ ተማሪዋ፣ እየሮጠች መጥታ አጠገባቸው ቆመች። ሰላምታው ሳያልቅ ብሶታቸውን ጀመሩላት።

«አንሶላ የሚተኩሱልኝን ሁለቱን ሴቶች አባረርኳቸው።»

«ምን አጠፉ ጋሼ?»

«አታለሉኝ። የአንዷ ጸሎት አርብ ነው፣ የሌላዋ እሁድ። ለካ ከጀርባዬ የሥራ ተራቸውን እየተለዋወጡ ኖረዋል።»

«ፈቃድ አልጠየቁዎትም ነበር?»

«ጠይቀዋል፤ ከለከልኩ። ለአንዱ ብፈቅድ ሁሉም ይነሣብኛል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ልጄ።»

«ሳይተኮስ ያደረ አንሶላ ነበር?»

ካቦው ሐሰት አይወዱም። «አልነበረም» አሉ።

«ታዲያ ምንዎን ሰረቁ?»

«ትእዛዜን።»

«ትእዛዝዎማ ሥራው እንዳይቆም ነበር፤ እነሱም አላቆሙትም። ሰው እምነቱን እንደ ጃንጥላ በር ላይ ጥሎ አይገባም፣ ጋሼ። በግልጽ ቢፈቅዱላቸው ኖሮ ባልዋሹ፣ እርስዎም የለመደ እጅ ባልጎደለዎት።»

ሽማግሌ በልጅ መረታት ይከብደዋል። ካቦው ግን በሴቶቹ ቦታ የቀጠሯቸው ሠራተኞች ሲያቃጥሉት የሰነበቱት አንሶላ ታወሳቸው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ሁለቱ ሴቶች ሲወጡ አንገታቸውን ደፍተው እንደነበር ታወሳቸውና ሊፈልጓቸው ወጡ።

የአርቧ ሴት ከከተማው ሄዳለች። የእሁዷን አፈላልገው ከአንድ ምግብ ቤት ጓሮ ድስት ስታጥብ አገኟት።

«ተመለሺ ልጄ። እሁድ የራስሽ ነው፤ አጥፍቻለሁ።»

እጇን ከሳሙናው ሳታወጣ አየቻቸው። «ዛሬም እሁድ ነው፣ ካቦ። እዚህ መጀመሪያ ሰሞን ደወሉ ሲሰማኝ አለቅስ ነበር። አሁን ይደወላል፣ እኔም አጥባለሁ። ምንም አይለኝም። ያቺ ጓደኛዬ በእኔ ልመና ተራ ቀይራ እንጀራዋን አጣች፤ በምን ፊቴ ጸሎት ልቁም?»

«እኔ ነኝ ጥፋተኛው።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አለችና ወደ ድስቷ ዞረች።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ካቦው በማግስቱ ሠራተኛውን ሰብስበው ማንም ለጸሎቱና ለጾሙ ተራውን በግልጽ ይለዋወጥ ብለው አወጁ። እውነትም ሥራው ሰመረ፤ ውሸት ቀረ፣ ቀሪ አነሰ፣ የተለያየ እምነት ያላቸው ሰዎች አንዱ የሌላውን ቀን መጠበቅ ለመዱ። አሠሪዎች ሁሉ ሳይረፍድ ይህን ቢያደርጉ ይበጃቸዋል።

አዲሶቹ ሠራተኞች «ዕድሜ ይስጥዎ» ብለው ሲመርቋቸው፣ ካቦው «ምርቃቱ የእኔ አይደለም» ይላሉ። የማን እንደሆነ ሲጠይቋቸው፣ ሁለቱ ሴቶች ይቆሙበት ወደነበረው መተኮሻ ጠረጴዛ ያመለክታሉ።