መስታወት ውሃ አይጠጣም

ልጆቼ፣ ከልጄ የተረፈኝ አንድ ቀይ ዓሣ ነበር። ሳቁ፣ ግድ የለም! ጋምቤላ ክልል ተብላ ቢሮዎቹ ገና ሲከፈቱ ልጄ ተመድቦ እኔንም ይዞ መጣ፤ ዓሣውንም ከነመስታወት ሣጥኑ በአውሮፕላን ታቅፎ አመጣው። ኋላ ልጄን ወባ ወሰደብኝ፤ እኔ ዓሣውን እያበላሁ ልጄን አወራው ነበር። ታዲያ አንድ ቀን የሣጥኑ መጋጠሚያ ውሃ ማንጠባጠብ ጀመረ። ሳሙና ብለጥፍበት፣ ሰም ባፈስበት እንቢ አለ። ቢጨንቀኝ ታንኳ የሚሠራውን ጎረቤቴን ኦጁሉን ጠራሁት።

«እማማ፣ ባሮ እዚህ እያለልሽ ዓሣ ቤት ውስጥ ታስሪያለሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አየውና፣ «አትፍሪ። የእኛም ታንኳ ሲሰነጠቅ ውሃ ውስጥ እናሳድረዋለን። እንጨቱ ጠጥቶ ያብጣል፣ ስንጥቁ ራሱ ይዘጋል። እስከ አፉ ሙይው» አለኝ። አመንኩት። የጨነቀው ሰው ምን የማያምነው አለ! ባልዲ በባልዲ ሞላሁት። እኛ እያየነው መጋጠሚያው ጧ ብሎ ተላቀቀ፤ ውሃው ከነዓሣው መሬት ላይ ተደፋ። ተንበርክኬ በመዳፌ አፈስኩት፣ ሳህን ውስጥ ውሃ ጨመርኩለት። ምን ዋጋ አለው፣ በጎኑ ተንሳፈፈ።

ኦጁሉ ለቅሶ እንደመጣ ሰው ኩርምት ብሎ ተቀመጠ። «ይቅር በይኝ እማማ። ነገ ከባሮ ሌላ አመጣልሻለሁ፣ ትልቅ ትልቁን» አለኝ።

«የባሮው ልጄን አያውቀውም» አልኩት።