የነቀዝ ክኒንና የኦቦ ጉርሙ አፍንጫ

ሰልሳቢልን እንጭኒ ገበያ ላይ ባላገኛት ደስ ባለኝ ነበር። የአምቦው ነጋዴ የሰይፈዲን ልጅ ናት፤ ኬሚስትሪ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብታ መርዛማ ጋዝ የሚለይ ወረቀት የሠራችው ግን እሷ ናት። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሰሌዳ ላይ ቀመር ስጽፍ አንድም ነገር በእጄ ሠርቼ አላውቅም። ስሟ በተነሣ ቁጥር ቅናት ያንገበግበኛል፤ ልደብቀው አልፈልግም።

«እንደምን ዋሉ መምህር?» ብላ ጎንበስ አለችልኝ። «ወረቀቴን ልሞክር ኦቦ ጉርሙ ቤት መሄዴ ነው። አብረውኝ ቢመጡ ደስ ይለኛል።»

ተከተልኳት፤ ስታፍር ለማየት።

ኦቦ ጉርሙ የእህል ነጋዴ ናቸው። መጋዘናቸውን ከመኝታ ቤታቸው የሚለየው ስስ ጣውላ ነው። በበቆሎው ኬሻ መካከል የነቀዝ ክኒን አስቀምጠዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዱሬቲ ደግሞ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይዟቸው ከተኙ ቀናት አልፈዋል።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ብርድ ነው የመታት» አሉ ኦቦ ጉርሙ። «በክኒኑ አሥር ዓመት ተጠቅሜያለሁ። ሽታውን አፍንጫዬ ያውቀዋል።»

«አፍንጫ ይለምዳል፤ ለምዶም ዝም ይላል» አለች ሰልሳቢል ነጭ ወረቀት እያቀበለቻቸው። «ይህ ወረቀት አይለምድም። በብር ጨው የተነከረ ነው፤ ከክኒኑ የሚወጣው ጋዝ ሲነካው ይጠቁራል።»

«ወረቀት ከእኔ ሊያውቅ?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ ያስተማሯት እርስዎ ነዎት። እስቲ ይፍረዱ።»

የእኔ አንድ ቃል ታማሚዋን ከዚያ ክፍል ያስወጣቸው ነበር። ልጅቷ ትክክል መሆኗንም አሳምሬ አውቃለሁ።

«ብርሃንም ያጠቁረዋል» አልኩ።

ውሸት አልነበረም፤ የተናገርኩት ግን ሰውየው እንዳያምኗት ነው። ኦቦ ጉርሙ ፈገግ ብለው ወረቀቱን መለሱላት።

ሰልሳቢል አልተቆጣችም። «መምህር ልክ ናቸው። እንግዲያው ሁለት ወረቀት እንስቀል፤ አንዱን መኝታ ቤት፣ ሌላውን ማዶ ባለው ዕቃ ቤት። ሁለቱንም ክፍል እናጨልማለን። እስከዚያ ወይዘሮ ዱሬቲ ደጅ ነፋስ ይቀበሉ።»

«ለመምህር ስል ይሁን» አሉ ኦቦ ጉርሙ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ የዕቃ ቤቱ ወረቀት እንደነጣ ነበር። ከአልጋው ራስጌ የሰቀልነው ከሰል መስሏል። ኦቦ ጉርሙ ሁለቱን ጎን ለጎን ይዘው አስተያዩ።

«እዚያ ያስተኛኋት እኔ ነኝ» አሉ። ወዲያው ባለቤታቸውን ጤና ጣቢያ ወሰዱ።

በሳምንቱ ወይዘሮ ዱሬቲ ሲያገግሙ ኦቦ ጉርሙ የገበያውን ነጋዴዎች ሰበሰቡ። ሰልሳቢልም አስረዳች፤ ክኒን ያለበት እህል ሰው ከሚተኛበት ቤት ይራቅ፣ መጋዘን ሲከፈት በደንብ ይናፈስ፣ ወረቀቱ ሳይጠቁር እስኪውል ድረስ ማንም አይግባ። እንዲህ ከተደረገ እህሉም ከነቀዝ ይተርፋል፣ ቤተሰብም በሰላም ያድራል።

ኦቦ ጉርሙ ግን ትከሻዬን ያዙ። «ይፈተሽ ያሉት መምህር ናቸው። ሚስቴን ያተረፈልኝ የእሳቸው ዕውቀት ነው።»

ዕድሜዬን ሙሉ የተመኘሁት ምስጋና ነበር። ሰልሳቢል አቀርቅራ ወረቀቶቿን ትደረድራለች።

«አይደለም» አልኩ። «ብርሃንም ያጠቁረዋል ያልኩት ቀንቼ ነው፤ እንዳያምኗት ብዬ። ወይዘሮ ዱሬቲን ያተረፈቻቸው እሷ ናት።»

ኦቦ ጉርሙ እጃቸውን ከትከሻዬ አነሱ።

ዛሬም እቀናባታለሁ። ወረቀቱን ለተማሪዎቼ ሳሳይ ግን ሰሌዳው ላይ መጀመሪያ የምጽፈው ስሟን ነው።