የወደቀው ዛላ ለባለቤቱ

በእኛ ጊዜ እንግዳ ሰው ደጃፍህ ሲቆም ዓይንህን ሰብረህ ነበር የምትቀበለው። ትኩር ብሎ ማየት ነውር ነው። እግሩን ታጥበዋለህ፣ ታበላዋለህ፣ ታጠጣዋለህ፣ ከየት መጣህ የሚባለው ከጠገበ በኋላ ነው። ማንኩሳ ገበያ ፈረንጅ ብቅ ያለ እንደሆነ እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "ዓይናችሁን ሰብስቡ፣ የሰው ልጅ እኮ ነው" ትለን ነበር። እና ታዲያ እኔ ደምሌ በስተርጅና ሰው አገር ሄጄ እንግዳ ስሆን፣ ያገሩ ሰው በሙሉ ዓይኑን ተክሎ ቢያየኝ፣ ምን ልበላችሁ፣ መጀመሪያ ፊቴ ላይ አንዳች የወጣብኝ መሰለኝ። ዳበስሁት እኮ! ሳቁ፣ ሳቁ፣ ግድ የለም።

የሄድሁት በልጄ በትርንጎ ምክንያት ነው። ታውቋታላችሁ፣ ፍኖተ ሰላም ተምራ ጀርመን አገር ሄዳ ነርስ የሆነችው። እናቷ ያረፈች ጊዜ፣ "አባየ፣ ብቻዎን አይቀመጡም" ብላ ድርቅ አለች፤ እኔም መሬቱን ለታናሽ ወንድሟ አስረክቤ ሄድሁ። ዓመት ከመንፈቅ ተቀመጥሁ። የምትኖርበት ከተማ ከቡሬ ያንሳል። ንጹሕ ነው፣ ዝም ያለ ነው፣ ውሻው እንኳ ካልፈቀዱለት አይጮህም። ጥቁር ሰው እሷ ብቻ ነበረች፤ እኔ ስጨመር ሁለት ሆንን። እሷስ የነሱን ልብስ ትለብሳለች። እኔ ጋቢዬን ደርቤ፣ ዱላዬን ትከሻዬ ላይ አጋድሜ ስወጣ፣ አውቶቡስ ውስጥ የተቀመጠው ሰው አንገቱ እስኪጣመም ይዞራል። ፊት ለፊታችን የምትኖር አንዲት ባልቴት ደግሞ መጋረጃዋን ገለጥ አድርጋ ታየኛለች። እኔም በደንባችን ቆም ብዬ ቆቤን አውልቄ፣ "እንዴት አደሩ፣ ልጆችዎ ደኅና ናቸው፣ ከብቱስ?" እላታለሁ በአማርኛ። መጋረጃው ዝግት ይላል። በማግስቱም እንደዚያው፣ እኔም ሰላምታዬን አልተው፣ እሷም መጋረጃዋን አትተው።

መታየቱስ አልጎዳኝም፣ እውነቴን ነው። የጎዳኝ ልጄ ናት። አብራኝ ስትወጣ አንገቷን ደፍታ ነው የምትሄደው። "ምነው ልጄ፣ ሰርቀናል እንዴ?" ስላት፣ "አባየ ፕሊስ፣ ዝም ብለው ይምጡ" ትለኛለች። ይች በማርያም ንግሥ ዕለት ከበሮውን የምታስነካው ልጅ! እኔ አንገቷን እንድትደፋ አላሳደግኋትም።

እና ታዲያ ከከተማው ጫፍ ላይ የስንዴ ማሳ አለ። ልጄ ሥራ ስትሄድ እዚያ እሄዳለሁ። ስንዴውን ስታዩት ዓይን ያጠግባል። ሐምሌ ሲመጣ ኮምባይነር ገባበት። ሐምሌ ስላችሁ! እኛ በጭቃ ጤፍ ለመዝራት ስንራወጥ እነሱ ያጭዳሉ፣ ዓለም ተገልብጣለች አልሁ። ያ መኪና በግማሽ ቀን ጨረሰው። ጨርሶ ሲሄድ ግን በየጥጋጥጉ፣ መኪናው በሚዞርበት በዳር በዳሩ፣ ዛላው እንዲያው ወድቆ ቀርቷል። ቃርሚያ የድሃ ነው፣ አውቃለሁ፣ እኔም ባገሬ ለድሃ ስተው ነው የኖርሁ። ስለዚህ ድሃ ይመጣል ብዬ አንድ ቀን ሙሉ ዳር ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ማንም አልመጣ። በሁለተኛው ቀን ሰው በጫማው እየረገጠው ውሻውን ይዞ ያልፋል። እህል ሲረገጥ! እናንተ ብትሆኑ ትችሉት ነበር? አትችሉም። ጫማዬን አወለቅሁና ገባሁ። ዛላ ዛላውን እየለቀምሁ፣ በራሱ ጭድ እያሰርሁ፣ ነዶ ነዶ አድርጌ ዳር ላይ አቆምሁት። ቃራሚ ከሌለ ለባለቤቱ ነዋ የሚመለሰው፣ ሌላ ለማን ነው?

ሦስት ቀን ሠራሁ። ወገቤ ተቆረጠ፣ ግን ደስ ይለኝ ነበር፤ ሚስቴ ከሞተች ወዲህ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። መኪናው ሁሉ እኔ ጋ ሲደርስ ቀስ ይላል። በሦስተኛው ቀን አንዲት ሴት መኪናዋን አቁማ ወረደች፣ ዳቦና ፍራፍሬ በከረጢት አድርጋ ነዶዬ አጠገብ አስቀመጠችልኝ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አንገቷን ዘንበል አደረገች። እኔ ምን መሰለኝ? የባለማሳው ሚስት የደቦ ምሳ የላከችልኝ! በእኛ አገር በሰው ማሳ የሠራ ሰው ምሳ ይመጣለታል አይደል? እንዴት ያለ ባለሙያ ቤት ነው ብዬ ተነሥቼ መረቅኋት። "ጎተራሽ ይሙላ፣ ልጆችሽ ይውለዱ ይክበዱ፣ በሬሽን ክፉ አይንካው!" ረዥም ምርቃት ነው የመረቅኋት፣ አልሰሰትሁም። እሷም ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሣችኝ። እኔም ዱላዬን አስተካክዬ፣ ደረቴን ነፍቼ ቆምሁላት።

በማግስቱ ማታ ልጄ ከሥራ መጣች። አልተቀመጠችም፣ ልብሷንም አላወለቀች፣ በር ላይ ቆማ አለቀሰች። የሞተ ሰው ያለ መሰለኝ። ለካስ ያ ፎቶ በየስልኩ ዞሮ ሥራ ቦታዋ ደርሷል። አንዷ፣ "ይኼ ምስኪን የሚበላው አጥቶ ሜዳ ላይ እህል ይለቅማል፣ ያገርሽ ሰው ነው መሰለኝ፣ ታውቂዋለሽ?" ብላ አሳየቻት።

"ምን አልሻት?" አልኋት።

ደግሜ ጠየቅኋት።

"አላውቀውም አልሁ፣ አባየ።"

ይኼን ስሰማ ተቀመጥሁ። እሷም እያለቀሰች ሌላውንም አወጣችው፤ አባቴ ጡረታ የወጣ ትልቅ ሹም ነው ብላ አውርታ ኖሯል። ገበሬ ማለት አፍራ። "እኛን ሲያዩ መጀመሪያ የሚያስቡት ረሃብ ነው፤ እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ያን ከላዬ ሳራግፍ ነው የኖርሁት፣ እርስዎ በሦስት ቀን መለሱብኝ" አለችኝ። እንግዲህ ንዴት ይሁን ሐዘን እኔ አላውቀውም። እኔ ደምሌ፣ በክፉ ቀን ሰው ቁና ይዞ እህል ሊበደር የሚመጣብኝ፣ ረሃብተኛ ተባልሁ! የባሰው ግን እሱ አይደለም። ልጄ አላውቀውም አለች። ሌሊቱን እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም።

ጧት ተነሥቼ፣ "ልጄ፣ አልቆጣሽም" አልኋት። "ያ ነዶ ግን የሰው ንብረት ነው። ዛሬ ለባለቤቱ አስረክባለሁ፣ አንች ታስተረጉሚያለሽ። ከዚያ ወዲያ አገርዎ ይመለሱ ካልሽኝም እሄዳለሁ።" እንቢ ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ፊቴን አየችና መኪናዋን አስነሣች።

ነዶውን ጭነን የባለማሳው ግቢ ደረስን። ሰውዬው ወጣ፤ ቀይ፣ ግዙፍ፣ እጁ እንደኔ እጅ የሻከረ። ሠራተኞቹም ወጡ፣ ጎረቤቱም ባጥር ላይ ብቅ አለ፣ ሁሉም ያየኛል። እኔ ነዶውን አንድ ባንድ እያወረድሁ እግሩ ሥር ደረደርሁት። ሰውዬው "አሃ?" ይላል። ሌላ ሳወርድ፣ "አሃ?" ልጄ መኪናው አጠገብ አንገቷን ደፍታ ቆማለች። "ንገሪው እንጂ" አልኋት። የመኪናዋን ቁልፍ ታገላብጣለች።

ይኼን ጊዜ ከቤት አንዲት አሮጊት ወጣች፣ የሰውዬው እናት ናት፣ ዕድሜዋ ሰማንያ ያለፈ ይመስለኛል፣ ምርኩዟን ይዛ። እኔን ቀና ብላ አላየችኝም። ነዶውን ነው ያየችው። አንድ ዛላ መዘዘች፣ በመዳፏ አሸችው፣ እፍ አለችው፣ ፍሬውን ወደ አፏ ጣለችና አኘከች። እናንተ ሆይ፣ እኔ አውድማ ላይ የማደርገው አይደለም? ይችማ ዘመዴ ናት አልሁ! ከዚያ አንድ ነገር ተናገረች፣ ልጇም ቆቡን አወለቀ። ምን አለች ብል ትርንጎ፣ "ከዓለም ጦርነቱ በኋላ ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር እንዲህ ስንለቅም ነው ያደግሁት፤ ዛሬ ለእህል የሚያጎነብስ የለም፤ ይኼ ሰው ማነው?" አሉ አለችኝ።

ማነው ተባለች ልጄ። እንግዲህ ሁለተኛ ተጠየቀች።

ቀና አለች። ረዥም ተናገረች፣ መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ኋላ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ አጥር ላይ ያለው ጎረቤት እስኪሰማ። ወደኔ እያመለከተች ነው የምትናገር። አሮጊቷ እጄን በሁለት እጇ ያዘችው። "ምን አልሽ?" አልኋት።

"አባቴ ነው አልኋቸው። ገበሬ ነው፣ ጎተራው ባዶ ሆኖ አያውቅም፣ እኛ አገር የወደቀ እህል አይረገጥም፣ የርስዎን ለርስዎ ሊመልስ ነው የመጣው አልሁ። ነገ ሥራ ቦታም እንዲሁ እላለሁ።"

አለችም። ዋሽቼ ነበር ብላ ለሥራ ባልደረቦቿ ነገረቻቸው፣ ቀላል እንዳይመስላችሁ። እኔ በሕይወቴ መሬት ተሸልሜ አውቃለሁ፣ ማኅበር ሙሴ ብሎ አለቃው አድርጎኝ ያውቃል፤ እንደዚያ ቀን ግን ኮርቼ አላውቅም፣ ምን እደብቃችኋለሁ።

ከአድማጮቹ መኻል የተቀመጡት መሪጌታ እዚህ ላይ ሳቅ ብለው፣ "አያ ደምሌ፣ ኋላስ ሰዉ ማፍጠጡን ተወዎት?" ብለው ጠየቁ።

"ኧረ ወዲያ! መች ይተዋሉ፣ እንዲያውም ባሰባቸው። ዳቦ ያመጣችልኝ ሴት ሳትቀር መኪና አቁማ ታየኝ ጀመር። ይዩኝ እንጂ፣ ምን ገዶኝ! ልጄ ክንዴን ይዛ በመንገዱ መኻል ነበር የምትሄደው።"