ልጅ ያልያዘ ትልቅ ሰው አይገባም

ሰው ሲያረጅ ሁለት ነገር ይወዳል፤ የራሱን ድምፅና የራሱን ደንብ። ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ጨለማ» የሚላቸው የሲኒማ ቤቱ ባለቤት ደግሞ ከሁለቱም ደንባቸውን ያስበልጣሉ። ስሙ የወጣላቸው በክፋት እንዳይመስላችሁ። ፊልም ተጀምሮ ከበር ሥር ክር የምታህል ብርሃን ከገባች፣ ከማጫወቻው ክፍል ቁልቁል «ጨለማ!» ብለው ይጮሃሉ። አርባ ዓመት እንዲሁ ሲጮሁ ኖረዋል።

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ከቁልፍ ሠሪው ቤት ሲመለሱ፣ ኪሳቸው ውስጥ ለአንድ ሶፋ ነጋዴ ያስቀረጹት የሲኒማ ቤቱ ቁልፍ ነበር። አዳራሹ ሰው ካጣ ቆይቷል፤ ሰኞ የሶፋ መጋዘን ሊሆን ቃል ተሰጥቷል። ሽማግሌው ሆድ ብሷቸዋል፤ ፊታቸውን ግን ኮስተር አድርገው ነው የሚራመዱት።

ትኬት መስኮቱ ጋ አንዲት ወጣት ሴት ከትኬት ሻጯ ጋር ክርክር ገጥማለች።

«እኔ ምን ላድርግሽ እህቴ? ደንብ ነው። ልጅ ይዘሽ ነይ።»

«ልጅ የለኝማ!»

«እንግዲያው ስትወልጂ ትመጫለሽ።»

ጋሽ ጨለማ ሠራተኛቸውን ሊያግዙ ጠጋ ሲሉ ወጣቷ ዞረች። ሟች እህታቸው የተወችላቸው፣ በእጃቸው ያሳደጓት፣ ሥዕል ልማር ብላ ከሄደች ስድስት ዓመት የሆናት ልጅ ናት! አቅፈው ሳሟት፣ አገላብጠው ሳሟት። ከዚያ ቀና ብለው ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም በእጃቸው የጻፉትን አዩና ትንሽ አፈሩ። «የሥዕል ፊልም፦ ልጅ ያልያዘ ትልቅ ሰው አይገባም» ይላል።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ነይ ወደ ላይ። ሻይ እየጠጣን እነግርሻለሁ።»

ማጫወቻው ክፍል ድሮ እንደምታውቀው ነው። አዲሱ ማሽን መሀል ተቀምጦ ያጓራል፤ አሮጌው፣ ሪል የሚባለውን የፊልም ጥቅል የሚጎርሰው፣ ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሶ እንደ ጡረተኛ ያርፋል። ልጅቷ ያደገችው በሁለቱ መሀል ባለችው በርጩማ ላይ ነው። ዛሬም እዚያው ተቀመጠች።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ ሻይ እየቀዱ። «ለአንድ ሙሉ ልብስ ለለበሰ፣ ጢም ላወጣ ሰው ካርቱን ምኑ ነው? ብቻውን ቢመጣ ወይ ሊተኛ ነው፣ ወይ ሊያንኮራፋ ነው። ፊልም ማለት ሰው ነው! ላብ ያለው፣ ዓይኑ የሚቀላ። የተሣለ ሰው ቢሞት ማን ያለቅስለታል? በላጲስ የጠፋ በእርሳስ ይነሣል።»

«ተዋናዩስ ሞቶ ሲያበቃ ተነሥቶ ምሳውን ይበላ የለም እንዴ?»

ሽማግሌው ሳቃቸውን ከሻይ ጋር ዋጡት። ሰው ያሳደገው ምላስ ሲመልስለት ደስ ይለዋል፤ ደስ ማለቱን ግን አያሳይም።

«እሺ አፈኛ። ድመት በመጥበሻ ተመታ ጠፍጣፋ ስትሆን አይቻለሁ። ይኼ ነው ጥበብ?»

«እሱንም አልንቅም፤ አስቆናል። የዛሬው ግን ሌላ ነው ጋሼ። አሁን ታች የሚታየው ፊልም እኔ የሠራሁበት ነው። አራት ዓመት ፈጅቷል። ለአንድ ሰከንድ ሃያ አራት ሥዕል ያልፋል። ፀጉር ብቻ የሚሠሩ አሉ፤ ውሃ ብቻ የሚሠሩ አሉ። አንዱ ባልደረባችን የረጠበ እጅጌ እንዴት እንደሚከብድ ለማየት ሸሚዙን ነክሮ ሲዞር ነው የከረመው። ጉንፋን ያዘው!»

«አንቺስ የቱን ሠራሽ?»

«ሲያዩት እርስዎ ይነግሩኛል።»

ጋሽ ጨለማ ዓይናቸውን ሰበሩ። ፊልሙን ሦስት ሳምንት አሳይተውታል፤ አንድ ደቂቃ ግን አላዩትም። ማሽኑን ያስነሡና ሻይ ቤት ይሄዳሉ። የሥራ ሰው ይህን ያህል ንቀት ሲያበዛ አያምርበትም፤ እሳቸውም ያውቁታል።

«በየአገሩ ሲኒማ ቤት ከሚያጨናንቁት ፊልሞች መሀል እነዚህ አሉበት» ብላ ቀጠለች። «ለምን? ልጁ ይስቃል፣ እናቱ ታለቅሳለች፣ አያቱ ዝም ይላል። በአንድ ፊልም ሦስት ትውልድ ትኬት ይቆርጣል። ሥራው ጥሩ ካልሆነ ግን ልጅም አይታለልም።»

«ይሁን። እኔ ጋ ግን ትልቅ ሰው አልመጣም። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል፤ እኔም አይቼ ነው የፈረድኩት።»

«መጥቶ ተከልክሎስ ቢሆን?»

በትንሿ መስኮት ቁልቁል ወደ አዳራሹ አመለከተች። «ያቺ ቀይ ሹራብ የለበሰችው የማን ናት?»

«የልብስ ሰፊው ልጅ።»

«አጠገቧ ዓይኑን የሚጠርገውስ?»

«ዳቦ ጋጋሪው... ቆይ፣ እሱ ምኗ ነው?»

ትኬት ሻጯን ጠሩ። እሷም መጀመሪያ ጣሪያ ጣሪያውን አየች፤ በኋላ ነገሩን ዘረገፈችው። የልብስ ሰፊው ልጅ ይህን ፊልም ስታይ የዛሬው ሰባተኛዋ ነው። አንዴ ከፋርማሲስቱ ጋር፣ አንዴ ጡረታ ከወጣው የትራፊክ ፖሊስ ጋር፣ አንዴ ከጥርስ ሐኪሟ ጋር። ሁሉም አባቷን አስፈቅደው ይዋሷታል፤ ሲጨርሱ ከረሜላ አስይዘው ይመልሷታል።

«ጥርስ ሐኪሟም በከረሜላ?» አሉ ጋሽ ጨለማ ደንግጠው።

«እሷማ ሁለት ሰጠቻት። የሚዋሰው ልጅ ያጣ ሰው ደግሞ፣ ከመስኮቱ እየተመለሰ ይሄዳል። ስንቱን መለስኩ መሰልዎ!»

የእህታቸው ልጅ ግን አልሳቀችም። «ጋሼ፣ ከደንቡ ይልቅ ያዘንኩበት ሌላ ነው። ከበር ሥር ክር የምታህል ብርሃን እምቢ የሚሉ ሰው፣ ለእኛ ፊልም ግማሹን መብራት አብርተውታል።»

«ልጆቹ እንዳይፈሩ ብዬ ነዋ!»

«ያ ባልደረባዬ ስድስት ወር የደከመበት ጥላ መጋረጃው ላይ አይታይም። ታጥቦ ሄዷል።»

ሰው በሃሳብ ቢረታ ይከራከራል፤ በገዛ ሙያው ሲረታ ግን መግቢያ ያጣል። ሽማግሌው የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ማብሪያው ጋ ሄደው የአዳራሹን መብራት ጥርግ አድርገው አጠፉት። ከታች ልጆቹ «ዋው!» አሉ፤ አንድም የፈራ የለም።

«ነገ እሑድ፣ ከሰዓት አሥር ሰዓት» አሉ ድምፃቸው ሰለል ብሎ። «ያለ ደንብ፣ በሙሉ ጨለማ። እኔም ታች ተቀምጬ አያለሁ። ሰው ካልመጣ ግን ሰኞ ቁልፉን እሰጣለሁ፤ እንዳታለቅሺብኝ።»

ትኬት ሻጯ ቅዳሜውኑ ወሬውን ነዛችው፤ እሑድ ሰው መጣ። ዳቦ ጋጋሪው ሚስቱን አስከትሎ፣ ጥርስ ሐኪሟ እናቷን ደግፋ፣ ፖሊሱ ብቻውን፣ የማያውቁት ሰውም ብዙ። ወንበሩ ሞልቶ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ጋሽ ጨለማ አርባ ዓመት ፊልምን የሚመዝኑት በሳል ነው፤ ሰው ማሳል ከጀመረ ፊልሙ ሞቷል ይላሉ። ስለዚህ ከእህታቸው ልጅ ጎን ተቀምጠው ሳል ሊቆጥሩ ጆሯቸውን አቆሙ።

ፊልሙ ዓይኑ እየደከመ የሄደ የአንድ ሽማግሌ ሰዓት ጠጋኝ ታሪክ ነው። የወደቡ ትልቅ ሰዓት ቆሞ መርከቦቹ ተሳስተዋል፤ ጠጋኙ ደግሞ ማየት ተስኖታል፤ የቀረው እጁ ብቻ ነው። ሰዓቱን ከፈተ። ጥርሳሟን ማርሽ ሊነካ ሲል አውራ ጣቱን ሱሪው ላይ ሁለቴ አሸት አሸት አደረገና እንደገና ዘረጋው።

ጋሽ ጨለማ አንገታቸውን ወደ መጋረጃው አሰገጉ። ያን እጅ ያውቁታል። ጠማማዋን ትንሽ ጣት፣ የአንጓውን ጠባሳ ያውቁታል። ሪል ከመንካታቸው በፊት ቅባት እንዳይነካው አውራ ጣታቸውን ሱሪያቸው ላይ ሁለቴ የሚያሹት እሳቸው ናቸው። ይህን ያየ ደግሞ በርጩማዋ ላይ የነበረችው ልጅ ብቻ ናት።

«ሁለት ዓመት የሣልኩት ይህችን እጅ ነው» አለች በሹክሹክታ።

«የተሣለ ሰው ቢሞት ማን ያለቅስለታል?» ያሉት ሰው እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። እጇን ያዙ፤ እስኪያልቅም አልለቀቁትም። በዚያ ሁሉ ሰዓት አዳራሹ ውስጥ አንዴ ብቻ ነው የተሳለው፤ ያሳሉት ራሳቸው ነበሩ።

መብራት ሲበራ ማንም አልተነሣም። ከኋላ ረድፍ ሶፋ ነጋዴው የሶፋ ጨርቅ ናሙና አውጥቶ ዓይኑን ይጠርጋል። ከጎኑ የልብስ ሰፊው ልጅ ተቀምጣለች፤ ደንቡ መነሣቱን አልሰማም ነበርና ተውሷት መጥቷል።

«ጋሽ ጨለማ» አለ ጉሮሮውን እየጠራረገ፣ «ለሶፋ ሌላ ቤት አይጠፋም። ቀጣዩ መቼ ነው?»

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ምክሩ ይህ ነው። ለልጅ የሚሆን ሁሉ የልጅ ብቻ አይደለም፤ ሳያዩ የናቁት ነገር በገዛ እጅ ሊያስለቅስ ይችላል። አዳራሹ ዛሬ ከሳምንት ሳምንት ይሞላል፤ ቤተሰብ በየስልኩ ከመበታተን አብሮ ይስቃል፤ መሣል የሚወድ ልጅ ያለው ወላጅም «ይሄ ሥራ ነው?» ማለቱን ትቷል። የተጎዳች ብትኖር የልብስ ሰፊው ልጅ ናት፤ ከረሜላዋ ቀረ።

በዚያው ሰኞ ጠዋት ጋሽ ጨለማ መሰላል ላይ ወጥተው የድሮውን ጽሑፍ አጠፉና በዚያው ቀይ ቀለም አዲስ ጻፉ። «ማንም ይግባ፤ ልጅ ያለውም፣ ልጅ የነበረም።» ከዚያ ወረዱ፤ አውራ ጣታቸውን ሱሪያቸው ላይ ሁለቴ አሹ፤ ከኪሳቸው ለሶፋ ነጋዴው ያስቀረጹትን ቁልፍ አውጥተው ለእህታቸው ልጅ ሰጧት።